የአሮጌው ስልክ እጀታና የእኛ ፍርድ

ሰው በዕቃው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ በሰው ላይ የሚሰጠውን ፍርድ ያሳያል። አንድ ዕቃ የተሠራበት ተግባር ሲያልፍ አንዱ ይጥለዋል፤ ሁለተኛው በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አድርጎ ያከብረዋል፤ ሦስተኛው አዲስ ሥራ ይፈልግለታል። ከሦስቱ የሚገባውን ያደረገ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ አንድ አሮጌ የስልክ እጀታ ነው።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1876 ዓ.ም. የስልክን የፈጠራ መብት ካገኘ በኋላ፥ በብዙዎቹ ስልኮች ላይ መስሚያውና መናገሪያው ለረጅም ዘመን ተለያይተው ይኖሩ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የኤሪክሰን ኩባንያ ኖርዌያዊው ሠዓሊ ዣን ሄይበርግ ቅርጹን ያወጣለትን የባከላይት ስልክ ለገበያ አቀረበ። እንዲህ ያለው ከባድ ጥቁር እጀታ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ዘመን ከገዛ በኋላ፥ ዛሬ የእጅ ስልክ ወንበሩን ወስዶበታል።

በሬዲዮ መገናኛ ፈቃድ ያለው አንድ ወዳጄ ከነዚህ እጀታዎች አንዱን ከሬዲዮው ጋር አገናኘው። ተናገርንበት፤ የሰማን ግን አልነበረም። እኔም «ይህስ ሞቷል» አልሁ። ወዳጄ ግን ነገሩን አስረዳኝ። በመናገሪያው ውስጥ ደቃቅ የከሰል ፍሬዎች አሉ። ድምፅ ስሱን ገጽ ሲገፋው ፍሬዎቹ ይጠጋጋሉ፤ በውስጣቸው የሚያልፈውም የኤሌክትሪክ ጅረት እንደ ድምፁ ከፍና ዝቅ ይላል። እንግዲህ ከሰሉ የተሰጠውን ጅረት ይቀርጻል እንጂ ከራሱ ጅረት አያመነጭም። ቀድሞ ከስልክ ማዕከሉ ባትሪ በሽቦ ይመጣለት ነበር፤ ይህ ሬዲዮ ግን ምንም አልሰጠውም። ወዳጄ በሬዚስተር በኩል ጥቂት ቀጥታ ጅረት ሰጠው፤ ጅረቱ ወደ ሬዲዮው እንዳይገባም በካፓሲተር ከለከለው። ሥራ ፈትቶ የተጣበቀውንም ከሰል በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አላቀቀው። ያን ጊዜ እጀታው ተናገረ፤ እንዲያውም ድምፁ ስለ በዛ መቀነስ አስፈለገ።

ነገር ግን ግዴታው በሬዲዮው ላይ ብቻ አልቀረም። በስልክ ሁለቱ ሰዎች ባንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ይሰማሉም። ተራ በተራ በሚነጋገሩበት ሬዲዮ ግን ለመናገር መጫኛውን መጫን፥ ለመስማት መልቀቅ ግድ ነው። ስለዚህ አሮጌው እጀታ መጫኛ ተጨመረለት፤ የአዲሱን ቤት ሕግ ተማረ ማለት ነው።

ይህን ሳይ አንድ የቆየ በደሌ ትዝ አለኝ። ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የሥራው አደረጃጀት ሲለወጥ አንድ በዕድሜ የገፉ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወደ ክፍላችን ተዛወሩ። አዲሱን አሠራር ማንም አላሳያቸውም፤ ደብዳቤም አይመራላቸውም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ «ሥራ አይሠሩም» የሚለውን ሪፖርት የጻፍሁት እኔ ነኝ። የጻፍሁት ሐሰት አልነበረም፤ በእርግጥ አይሠሩም ነበር። ዳሩ ግን እኛ ሥራ አልሰጠናቸውም። እውነተኛ ቃል ጽፎ ሐሰተኛ ፍርድ መፍረድ እንደሚቻል ያን ጊዜ አላወቅሁም ነበር።

«መሥሪያ ቤት የጡረተኞች መጠለያ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፤ መጫኛውን አልለምድም የሚል አሮጌ ሠራተኛ በሌሎች ጆሮ ላይ ይጮኻል እንጂ አይነጋገርም። ነገር ግን ይህን ልንጠይቀው የምንችለው የሚሠራበትን ኃይል ከሰጠነው በኋላ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄዬ መልስ የማገኘው በሦስተኛው ሰው ዘንድ ነው፤ እርሱም ቢሆን እንደ ወዳጄ ጥንቃቄ ያለው ከሆነ። ወዳጄ ቀፎውን አልሰበረም፤ የነቀለውንም አሮጌ ሽቦ በወረቀት ጠቅልሎ አስቀምጧል። አንባቢ ሆይ፥ አንተም በጠረጴዛህ ላይ «ድምፅ የለውም» የሚል ሪፖርት ሲቀርብልህ፥ ከመፈረምህ በፊት ጅረቱ ተሰጥቶት እንደ ሆነ ጠይቅ። እኔ ሳልጠይቅ ጽፌአለሁ፤ ሰውዬውም ይቅርታዬን ሳይሰሙ መሥሪያ ቤቱን ለቀው ሄደዋል።