የሌላው ምስጢር በእጃችን ሲሆን

አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ ያስጠነቀቁን ስለ አንደበት ነበር። ዛሬ ግን ምስጢር የሚወጣው በአፍ ብቻ አይደለም። በየቤታችን ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ የሕክምና ውጤት፣ የባንክ ሒሳብ፣ የኑዛዜ ረቂቅ ተቀምጦ ይገኛል። ከእኛም መካከል የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሆኑት፣ በትዳራቸው ተቸግረው ምክር የጠየቋቸውን ባልና ሚስት ጉዳይ በማስታወሻ ጽፈው አኑረው ይሆናል። ታዲያ ይህን በምስጢር ቁልፍ መዝጋት ይገባናልን? ወይስ «ንጹሕ ሰው የሚሸሽገው የለውም» የሚሉት እውነት አላቸው?

አስቀድመን ነገሩን እንረዳ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የሚጠይቀው የይለፍ ቃል ሁሉን የሚጠብቅ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ሌባ ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ቢያገናኘው፣ ያልተመሰጠረውን ፋይል ያለ ችግር ሊያነበው ይችላል። ምስጠራ ግን ጽሑፉን ራሱን ትርጉም ወደሌለው ምልክት ይለውጠዋል፤ መልሶ የሚያነበው ቁልፉን የያዘ ብቻ ነው። ጥበቡም አዲስ አይደለም፤ በ1518 እ.ኤ.አ. ስለ ምስጢር ጽሕፈት የታተመውን «ፖሊግራፊያ» የተባለ መጽሐፍ የጻፉት ዮሐንስ ትሪቴሚዩስ የቤኔዲክቶሳውያን ገዳም አበምኔት ነበሩ። ዛሬ «ቢትሎከር» በዊንዶውስ፣ «ፋይልቮልት» በማክ ኮምፒዩተር ይህን ሥራ ይሠራሉ።

ንጹሕ ሰው የሚሸሽገው የለውም የሚለው ክርክር፣ ቢበዛ የባለቤቱን የራሱን ጉዳይ ይመለከታል። እኛ ዘንድ ያለው ግን ሁሉ የእኛ አይደለም። ችግሯን ያካፈለችን እኅት ጉዳይዋ በማያውቃት ሰው እንዲነበብ አልፈቀደችም። እኛም ኮምፒዩተራችንን ለጥገና ስንሰጥ፣ በውስጡ የማን ምስጢር እንዳለ ሳናስብ የቀረንበት ጊዜ እንዳለ እንመሰክራለን። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና በቁጥር 23፣ የላቲኑም በቁጥር 220 የሰውን መልካም ስምና የግል ሕይወቱን ምስጢር መድፈር ይከለክላሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። ስለዚህ መዝጋታችን አደራ መጠበቅ ነው።

ነገር ግን ቁልፍ ለክፉም ያገለግላል። የጋራ ገቢያቸውን ከሚስቱ የሚሰውር ባል፣ የማኅበሩን ሒሳብ ከአባላቱ የሚደብቅ ገንዘብ ያዥ አደራ ጠባቂ ሊባሉ አይችሉም። ልዩነቱ የሚታወቀው «የዘጋነው ማንን ለመጠበቅ ነው?» ብለን ስንጠይቅ ነው። ተጎጂ ሊሆን የሚችለውን ሰው ለመጠበቅ ከሆነ መልካም ነው፤ ተጠያቂነትን ለመሸሽ ከሆነ ግን ኃጢአትን መሸፈኛ ይሆናል።

ሌላም ኃላፊነት አለ። ቁልፉ ከጠፋ ባለሙያም ቢሆን ፋይሉን መልሶ ሊከፍተው አይችልም፤ አባት በድንገት ቢያርፍ ቤተሰቡ ከኑዛዜው ጋር ይለያያል። ስለሆነም የማስመለሻውን ቁልፍ በወረቀት ጽፈን፣ በፖስታ አሽገን፣ ከኮምፒዩተሩ ርቆ በታመነ ሰው ዘንድ እናኑር። የማያስፈልገንንም የሰው ጉዳይ ከመጀመሪያው አንጻፍ፤ ጽፈነውም ከሆነ ጊዜው ሲያልፍ እንደምስሰው።