ያረጀውን ከበሮ ስለ ማደስ

ያረጀ ዕቃ ሁሉ ሁለት ጠላቶች አሉት። አንደኛው ቸልተኝነት ነው፤ ሁለተኛው ግን የወዳጅ መልክ ይዞ የሚመጣ፣ ልክ የሌለው የማሳመር ፍላጎት ነው። ስለ መጀመሪያው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሁለተኛው ጥቂት ማሰብ የሚገባን ይመስለኛል።

ምሳሌ ይሆነን ዘንድ ከበሮን እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ለከሚሴ ቀረብ ብሎ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር በተዘረጋው በጨፋ ምድር ጨፋ ሮቢት ትገኛለች። በዚያ አገርና በወሎ መንዙማው በድቤ ይታጀባል፤ በቤተ ክርስቲያንም ማኅሌቱ በከበሮና በጸናጽል ይደምቃል። ከዋንዛ ወይም ከሌላ ግንድ የተፈለፈለው እንጨት ቆዳ ለብሶ በጠፍር ይወጠራል። ቆዳው ሲቀደድ ይለወጣል፤ ጠፍሩም ሲበጠስ ይተካል፤ እንጨቱ ግን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። እንግዲህ ያንኑ እንጨት ፍቀን፣ ቀለም ቀብተን ያበራነው እንደ ሆነ፣ የወረስነው ከበሮ አለን ወይስ የለንም?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ አቴናውያን የቴሴውስን መርከብ ሳንቃ በሳንቃ እየለወጡ ስላቆዩት፣ ፈላስፎች «ያው መርከብ ነው፤ አይደለም» እያሉ ይከራከሩበት ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስም በ1655 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወለቁት አሮጌ ሳንቃዎች ተሰብስበው ቢገጠሙ እውነተኛው መርከብ የትኛው ይሆናል ሲል ነገሩን አከበደው።

እኔ ግን መልሱን በእንጨቱ ብዛት ሳይሆን በአዳሹ ሐሳብ እፈልገዋለሁ። ከበሮ የተሠራው ድምፅ ይሰጥ ዘንድ ነው። ቆዳው የሚያርፍበት የእንጨቱ ከንፈር ወጣ ገባ ከሆነ ውጥረቱ ይዛባል፤ ድምፁም ይበላሻል። ስለዚህ ከንፈሩን ማስተካከል፣ ስንጥቁን መድፈን፣ ነቀዙን ማጥፋት ለከበሮው ታማኝ መሆን ነው። «አሮጌ ነውና አይነካ» የሚል ሰው ግን የሚያከብረው መስሎት ዝም ያሰኘዋል።

የጠራቢው መሣሪያ የተወው ምልክትና የመቺዎች እጅ ያለሰለሰው ስፍራ ግን እድፍ አይደለም፤ ምስክር ነው። እርሱን ለውበት ብሎ የሚፍቅ ሰው ያልመሰከረበትን ቃል እንደሚሰርዝ ጸሐፊ ነው። በዘመናዊው ድራም ላይም ሕጉ ያው ነው፤ ከስስ የእንጨት ንጣፍ የተደራረበው አካሉ ከልክ በላይ ቢፋቅ ይሳሳል፤ የተፋቀውም አይመለስም። አሮጌውን አዲስ አስመስሎ የሚሸጥና አዲሱን በጭስ አጥቁሮ የጥንት ነው የሚልም ሁለቱ አንድ ውሸት ይዋሻሉ።

አበው «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፤ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ። ማማሩን የሚፈርድ ተመልካች ነው፤ ድምፁን የሚያውቅ ግን የያዘው ነው። ትምህርትን፣ ሕግንና ሥርዐትን ከአባቶች ተቀብለን ለማደስ አደራ ያለብን ሁሉ፣ መላጊያውን ከማንሣታችን አስቀድሞ ይህን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ የምንፍቀው ድምፁን የሚያፍነውን ነው ወይስ የሠሩትን ሰዎች እጅ?