ጀርባህን ለማን ትተህ ትወጣለህ?

ልጄ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ሜዳዎች የመሐል ተከላካይ ሆነህ ትጫወታለህና ስለ አንድ ወር ልንገርህ። ወሩ ጥር 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ አንተ ገና ሕፃን ነበርክ፤ እኛ ግን አይተናል፤ ያየ ሰው ደግሞ ላላየው መንገር አለበት።

ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ በቅቶ ደቡብ አፍሪካ ገባ። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበር። ጥር 13 ቀን ኔልስፕሩይት ላይ የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን ገጠምን። ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከእረፍት በፊት ግብ ገባብን። እንዲያም ሆኖ አዳነ ግርማ አስቆጠረና በ10 ሰው 1 ለ 1 ወጣን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው። ሰው መጉደሉን ሁሉም ስላወቀ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ቦታ አልፎ የጎኑን ሰው ቦታ ጠበቀ።

አሁን ልብ በል፤ ነገሩ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ከ4 ቀን በኋላ፣ ጥር 17፣ በዚያው ሜዳ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ተጫወትን። አለን ትራኦሬ በ34ኛው ደቂቃ አገባብን። ከእረፍት መልስ የእነሱ ግብ ጠባቂ ከሳጥኑ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ያን ቀን ጎዶሎዎቹ እነሱ፣ ሙሉዎቹ እኛ ሆንን። አቻ ለመሆን ጓጉተን ወደ ፊት ወጣን፤ ኋላችን ግን ሳሳ። 10 ሰው የቀረው ቡድን 3 ግብ ጨምሮ 4 ለ 0 አሸነፈን። በምድቡ ከገቡብን 7 ግቦች 4ቱ የዚያ ቀን ናቸው።

በ10 ሰው ሻምፒዮን ያቆመ ቡድን በ11 ሰው ለምን ተበተነ? ጉድለት ጠንቃቃ አድርጎት ነበር፤ ብልጫ ግን አዘናጋው። ማጥቃቱ ጥፋት አልነበረም፤ እየተመራ ያለ ቡድን ማጥቃት አለበት። ዋጋ ያስከፈለው ሲወጡ ማን እንደሚቀር አለመቁረጡ ነው።

በዚያው ወር፣ ጥር 4፣ አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ በእጅ ተወርውሮ ረጅም ርቀት ስለሚሄድ፣ ሴፍቲ የሚባሉ ተከላካዮች ከሁሉም ኋላ ይቆማሉ። አንዳንዴ ሁለት ሆነው የኋላውን ሜዳ ለሁለት ይካፈሉታል፤ አንዳንዴ ከአንድ የጎን ተከላካይ ወይም ከሁለት ጋር ተጋግዘው ለሦስት ይከፍሉታል። አከፋፈሉ ቢለያይም ትእዛዙ አንድ ነው፦ ማንም ሰው ከኋላህ አይለፍ።

ዴንቨር ብሮንኮስ ባልቲሞር ሬቨንስን 35 ለ 28 እየመራ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቀረውም። የባልቲሞሩ ጆ ፍላኮ ኳሱን አርቆ ወረወረ። የዴንቨሩ ሴፍቲ ራሂም ሙር ኋላ ቆሞ ኳሱን የሚቀበለውን ሰው መጠበቅ ይችል ነበር፤ ከአየር ላይ ለመንጠቅ ግን ዘለለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ኳሱ በላዩ አለፈና ጃኮቢ ጆንስ ተቀብሎ ሮጠ፤ በ70 ያርድ ቅብብል ነጥቡ እኩል ሆነ። ባልቲሞር በጭማሪ ሰዓት 38 ለ 35 አሸነፈ፤ በኋላም የሊጉን ዋንጫ ወሰደ።

የሙርን ምርጫ አስተውል። ኳሱን ቢነጥቅ ስሙ ይጠራ ነበር። ቢቀርና ተቀባዩን ከፊቱ ቢያቆየው ማንም አያጨበጭብለትም፤ ዴንቨር ግን መሪነቱን እንደያዘ ይቆይ ነበር። የተከላካይ ፈተና ሁልጊዜ ይህ ነው፤ ጭብጨባው ያለው መውጣት ላይ፣ ድሉ ግን ብዙ ጊዜ መቅረት ላይ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ጓደኞችህ ማዕዘን ምት ሊመቱ ሲወጡ ማን እንደሚቀር አስቀድመህ በስሙ ጥራ። ረጅም ኳስ ሲመጣ መጀመሪያ ሰውየውን እይ፣ ከዚያ ኳሱን። ብቻህን ከአጥቂ ጋር ከተፋጠጥክ አትዝለልበት፤ ጓደኞችህ እስኪደርሱ እያፈገፈግህ አዘግየው። ግብ ከገባ በኋላ እርስ በርስ መጯጯህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ከሁሉም በላይ ተጋጣሚህ ሰው ጎድሎበት አንተ ሙሉ ስትሆን፣ የበለጠ ተጠንቀቅ።