መምህርና አደራ በአደጋ ጊዜ

መምህር ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጠመኔ ይዞ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ሰው ነው። ነገር ግን እሳት ቢነሣ፣ ጎርፍ ቢመጣ ወይም ተኩስ ቢሰማ ይህ ሰው ለተማሪዎቹ ምናቸው ነው? የተቀጠረው ለማስተማር ብቻ ነው ወይስ ሕይወታቸውንም ተረክቧል? ራሱን አስቀድሞ ቢያድንስ ሊወቀስ ይገባዋልን?

ይህ ጥያቄ በአሶሳ ዞን ለምንኖር ሰዎች ሩቅ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. ጦርነት አሶሳ ሲደርስ፣ በአቅራቢያዋ ተጠልለው የነበሩ የሱዳን ስደተኞች ሰፈራቸው ተጠቅቶ እንደገና ለስደት ተዳርገዋል። የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ከተከፈተ ወዲህም፣ በተለይ በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ በሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ብዙ ቤተሰቦች በኩርሙክ በኩል ድንበር ተሻግረው ወደዚያ መጥተዋል። ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የታጠቁ ሰዎች ወደ ቶንጎ መጠለያ ገብተው ዝርፊያና ቃጠሎ ስለ ደረሰ በሺዎች የሚቈጠሩ ስደተኞች ሸሽተዋል። እንዲህ ባለው ሽሽት ከእናት ከአባታቸው የሚለያዩ ሕፃናት አይጠፉም። እንደዚህ ላለ ልጅ በትምህርት ሰዓት ከመምህሩ የቀረበ ዘመድ የለውም።

ጥያቄውን በዓለም ፊት ያወጣው ግን በቻይና የደረሰ አደጋ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓ.ም. በሲቹዋን ክፍለ ሀገር በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ69,000 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያች ዕለት ታን ቺያንቺዩ የተባለ መምህር ተማሪዎቹን በገዛ አካሉ ከልሎ ሲሞት አራት ልጆች በሕይወት ተገኙ። ፋን ሜይጆንግ የተባለ ሌላ መምህር ግን ተማሪዎቹን አትደናገጡ ማለት ከጀመረ በኋላ፣ መናወጡ ሲበረታ ጥሏቸው ሮጦ ወጣ። ከክፍሉ ልጆች የተጎዳ አልነበረም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱ በጻፈው ጽሑፍ፣ ራሱን የሚሠዋላት ብትኖር ልጁ ብቻ እንደሆነች፣ ለእናቱ እንኳ ቢሆን ይህን እንደማያደርግ ገለጠ። ሀገሩም በቁጣ ተነሣበት።

በበኩሌ በዚህ ሰው ላይ ድንጋይ ለማንሣት አልቸኩልም። በድንጋጤ ጊዜ እግር ከአሳብ ይቀድማል። ሙት ብሎ የሚያዝ ደመወዝም ውልም የለም። ታን ያደረገውን እናከብረዋለን፤ እናከብረዋለን ማለት ግን ከሰው ሁሉ እንጠይቀዋለን ማለት አይደለም።

እንግዲህ የመምህሩ ግዴታ ከምን ይመነጫል? እንደ እኔ አስተያየት፣ «ተቀመጡ» ከሚለው ቃል ነው። ሕፃን አደጋ ሲያይ በተፈጥሮው ይሮጣል፤ እናቱን ይፈልጋል። መምህሩ ግን ሳታስፈቅዱ አትነሡ ብሎ አስተምሮታል። ልጁም በመታዘዙ የገዛ እግሩን ለመምህሩ አሳብ አስረክቧል። ወላጁም ማሳው ላይ ተረጋግቶ የሚውለው ይህን አምኖ ነው። ስለዚህ ተቀመጡ ያለ ሰው ተነሡ የማለት ዕዳ አለበት። ፋን ሊወቀስ የሚገባው ባለመሞቱ ሳይሆን ተነሡ፣ ውጡ ሳይል በመሄዱ ነው።

ታዲያ ከልጆቹ ጋር መቆየት ብቻውን ይበቃልን? መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ልጆቹን ወደ ግቢው አውጥተው 50 ደቂቃ ያህል አቆይተዋቸዋል። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ኮረብታ ነበረ፤ ወደዚያ እንውጣ ያሉ ልጆች እንደነበሩም ተመስክሯል። ነገር ግን ወዴት እንደሚሸሹ አስቀድሞ የተቈረጠ ነገር ስላልነበረ ሲመካከሩ የባሕሩ ማዕበል ደረሰባቸው። ከ108 ተማሪዎች 74ቱ፣ በስፍራው ከነበሩት 11 መምህራንም 10ሩ ጠፉ። እነዚህ 10 መምህራን ልጆቹን አልተዉም፤ ከእነርሱ ጋር ሞቱ። ሆኖም የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ፣ ጥፋቱ ከዚያ ቀን አስቀድሞ የጀመረ እንደሆነ፣ ይኸውም ኃላፊዎቹ በቂ ዝግጅት አለማድረጋቸው መሆኑን አስታወቀ። ፍርዱም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጸና።

አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በዚያው በሲቹዋን የሳንግዛኦ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረው ዬ ጂፒንግ አስቀድሞ የታጠቀ ሰው ነበር። ደካማውን ሕንፃ ለዓመታት ጥቂት በጥቂት አጠናከረ፤ ልጆቹንም የትኛው ክፍል በየትኛው ደረጃ እንደሚወርድ አለማመደ። መሬቱ በተናወጠ ጊዜ እርሱ በትምህርት ቤቱ አልነበረም። ሆኖም ከ2,000 በላይ ተማሪዎችና መምህራን በ1 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ውስጥ ወጥተው አንድም ሳይሞት ቀረ። ይህ ሰው በዚያች ሰዓት ጀግና መሆን አላስፈለገውም፤ ግዴታውን በጸጥታው ዘመን ፈጽሞት ነበርና።

ይህን ወደ ሸርቆሌ ብናመጣው ምን ይመስላል? በመጠለያ ትምህርት ቤት ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። መምህሩ ውጡ ብሎ በአንድ ቋንቋ ቢጮኽ ለሁሉም ላይገባቸው ይችላል። በዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በተለየ አመታት ሲደወል ግን፣ አስቀድመው ከተለማመዱት፣ ለሁሉም ይገባል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ እሳት ከየት ሊመጣ እንደሚችል፣ ልጆቹ የት እንደሚሰበሰቡ፣ የስም መዝገቡን ማን እንደሚይዝና ማን እንደሚቈጥር አስቀድሞ መወሰን ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አሳብ ነው።

ፋን ያነሣው አንድ ከባድ ነገር ግን ይቀራል። የመምህሩ የገዛ ልጅስ? መምህርም አባት ነው፤ መምህርትም እናት ናት። በዚያች ሰዓት ልባቸው ወደ ልጃቸው ቢሮጥ ማን ይፈርድባቸዋል? መልሱ፣ እኔ የአንተን ልጅ ስይዝ አንተ የእኔን ትይዛለህ የሚለው መተማመን ነው። ይህ ከፈረሰ ሁሉም ወደየልጁ ይሮጣል። ያን ጊዜ ወላጅ ያለው ልጅ ምናልባት የሚደርስለት ያገኛል፤ ከወላጆቹ ተለያይቶ ድንበር ወደ ተሻገረው ልጅ ግን የሚሮጥ የለም። የአደራው ትርጉም የሚታየው በዚህ ልጅ ላይ ነው።

ስለዚህ ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ መምህር ለመሆን የምታስቡ፣ ዛሬም ታናናሾቻችንን በክፍል የምትይዙ ሁሉ፣ ጀግና እሆናለሁን ብላችሁ ራሳችሁን አትጠይቁ፤ ይህን ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ይልቅስ ከፊቴ የተቀመጡት ስንት ናቸው? መውጫው በየት ነው? ስንወጣስ ማን ይቈጥራቸዋል? ብላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ከክፍላችሁ ልጆች ጋር አንድ ጊዜ ተለማመዱ።