ቦታው ሌንሱን፣ ሌንሱ ካሜራውን ይምረጥ

ልጄ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ታጣፊ ቴክኒካል ካሜራ ልገዛ ነው ብለህ «ሊንሆፍ ይሻላል ወይስ ሆርስማን?» ስትለኝ ነገሩን የያዝኸው ከጫፉ ነው። መጀመሪያ የምትቆምበትን ቦታ ንገረኝ። ቦታው ሌንሱን ይመርጣል፤ ሌንሱ ደግሞ ካሜራውን። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል።

አንተ የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አብያተ ክርስቲያናት በፊልም ላስቀር ብለሃል። እንግዲያው የታች ጋይንቷን ቤተልሔም አስብ። ከውጭ ስትታይ እንደ ሌላው የአገራችን ደብር ክብ ናት። ውስጧ ግን ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፣ ባለ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ክቡ ቤት በኋላ ዘመን ዙሪያውን የተሠራለት ነው። ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ የሚመጡ ደቀ መዛሙርት ለብዙ ዘመን ያውቁታል፤ ለውጭ አገር አንባቢ ግን ዝናው የተሰማው ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1955 መጥቶ ካየው በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ማፈግፈግ አይቻልም። ውስጥ ከሆንህ ጀርባህ ከግድግዳ ይጋጫል፤ ውጭ ከሆንህ የደብሩ ዛፍና ቅጥሩ ይከለክልሃል። ተራ ካሜራ ይዘህ ጉልላቱን ላስገባ ብለህ ቀና ብታደርገው ግድግዳው ወደ ኋላ የሚወድቅ መስሎ ይወጣል። የቴክኒካል ካሜራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ካሜራውን በውሃ ልክ አስተካክለህ ቀጥ አድርገህ ታቆመዋለህ፤ ሌንሱን ብቻ ሽቅብ ታነሣዋለህ። ጉልላቱ ይገባል፣ ግድግዳውም ቀጥ እንዳለ ይቀራል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሣለውን ሥዕልም ሳይጣመም የምታነሣው በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ሰፊ ሌንስ ያስፈልግሃል። ለ6 በ9 ሴንቲ ሜትር ፊልም 65 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ላይ የ28ቱን ያህል ያሳይሃል። ግን ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። የሽናይደር አንጉሎን 65 ለ6 በ9 የሚበቃው ለጥቂት ነው፤ ሌንሱን ሽቅብ ስታነሣው የፎቶው ማዕዘን ይጨልማል። ሱፐር አንጉሎን 65 ግን ፊልሙ ላይ የሚጥለው የብርሃን ክበብ ሰፊ ስለሆነ እንደ ልብ ያስኬድሃል። ሌላም አለ፦ ሰፊ ሌንስ ወደ ካሜራው ሣጥን ስለሚጠጋ፣ ሽቅብ ልታነሣው ስትል ሣጥኑ ራሱ ሊያግድህ ይችላል። ሳትከፍል በፊት ሌንሱን አስገጥመህ፣ አንሥተህ እይ።

አሁን ወደ ካሜራዎቹ እንምጣ። የሙኒኩ ሊንሆፍ ቴክኒካ ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም ክብደቱም እንዲሁ። የጃፓኑ ሆርስማን ቀለል ይላል። የሁለቱም የኋላ ክፍል ተስቦ ይዘነበላል። የአሜሪካኑ ሴንቸሪ ግራፊክ ደግሞ ርካሽና ቀላል ነው፤ ሌንሱ ሽቅብ ይነሣል፣ የኋላው ግን አይንቀሳቀስም። አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል እንዲሉ፣ ግራፊክን የሚያጣጥሉት ብዙዎቹ አንድም ቴክኒካል ካሜራ ይዘው የማያውቁ ናቸው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ለጀማሪ አይናቅም።

ሻጩ «ርቀት መለኪያ አለው» ብሎ ዋጋ ቢጨምርብህ አትቸኩል። በቴክኒካ ላይ መለኪያው የሚሠራው ለየሌንሱ ቁጥር ተሞርዶ በተሠራ ካም ነው፤ ካሙ ከሌለ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆንብሃል። ደግሞስ ካሜራህ ሁልጊዜ በትራይፖድ ላይ ነው፤ ከካሜራው ኋላ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ በአጉሊ መነጽር ታስተካክላለህ። መለኪያ የሌለው ሆርስማን ቪኤች ይበቃሃል፤ መለኪያ ላለው ቪኤች-አር የምትጨምረውን ገንዘብ ለሌንሱ አውለው።

ዕቃውን ስትመረምር ጨለማ ክፍል ግባ፤ ሌንሱንና ሣጥኑን በሚያገናኘው ወናፍ ውስጥ የእጅ ባትሪ አብራና ማጠፊያ ማጠፊያውን እይ። መርፌ የምታክል ቀዳዳ ፊልሙን ሁሉ ታቃጥላለች። ሹተሩን በአንድ ሴኮንድ አድርገህ አድምጠው፤ ዘይቱ የደረቀ ሹተር እንደ ነፋስ መውጫ ባለ ብርዳም አገር ጠዋት ላይ ይንቀረፈፋል። ከዚያ ጉናን የመሰለ ሩቅ ተራራ በደብዛዛው መስታወት ላይ አጥራና በፊልም አንሥተህ አነጻጽር፤ መስታወቱና የፊልሙ ቤት ካልተስማሙ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ሌንሱ ላይ ጥቂት አቧራ ብታይ ተወው፤ አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች እንዳይሆንብህ። ሌንሱ ላይ የተቀባው ስስ ሽፋን በመወልወል ብዛት ይላጣል።

120 ፊልም በ6 በ9 የሚሰጥህ 8 ፎቶ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ግን ከ35 ሚሊ ሜትሩ ከ5 እጥፍ በላይ ስፋት አለው። ፊልም ከውጭ ሲመጣልህ በአየር ማረፊያ በእጅ እንዲፈተሽ ይጠየቅልህ፤ አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻዎች ያበላሹታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብርሃን ደካማ ነው፤ ብልጭታ ግን ለጥንት ሥዕልም ለሚጸልይ ሰውም አይመች። ሹተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ክፈት፤ ሹተሩ ረጅም ጊዜ ሲከፈት ፊልም ብርሃን የመቀበል ኃይሉ እንደሚደክም አውቀህ ከለካኸው ላይ ጨምር። ከሁሉ በፊት ግን ቄሰ ገበዙንና አለቃውን አስፈቅድ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ በር ሳያንኳኳ የገባ ፎቶ አንሺ ከኋላው ለሚመጣውም በሩን ይዘጋበታል።

ሌንስ ማንሣትና ማዘንበል የማይፈልግ ሥራ ከሆነ ደግሞ፣ የሰው ፊትና የገበያ ቀን ብቻ የምታነሣ ከሆነ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር አትሁን። ሱፐር ኢኮንታን የመሰለ ተራ ታጣፊ ካሜራ ያንኑ 6 በ9 ፊልም ከኪስህ አውጥቶ ይሰጥሃል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ገንዘቡን ሳትልክ አንድ ቀን ወደ ደብሩ ውጣ። የስልክህ ዋና ካሜራ ከዚያ 65 ሚሊ ሜትር ጋር የተቀራረበ እይታ አለው። ስልኩን ሳታዘነብል ቀጥ አድርገህ ያዝና ምን ያህል ጉልላት እንደተቆረጠብህ፣ ስንት እርምጃ ማፈግፈግ እንደቻልህ ጻፍ። እዚያ ወረቀት ላይ ያለውን የሚችል ሌንስ ፈልግ፤ ያንን ሌንስ የሚሸከምና የሚያነሣ ካሜራ ፈልግ፤ የተረፈ ገንዘብ ካለህ ፊልም ግዛበት። ስሙ ሊንሆፍ ሆነ ሆርስማን ያኔ ግድ የለህም። በል፣ እጅህን ያቅናልህ።