ተራራውን የወጣው ማን ነው?



በማኅበራችን አዳራሽ፣ ቡና ከሚፈላበት ጥግ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ስምንት ሰዎች ወፍራም ልብስ ለብሰው ቋጥኝ ላይ ቆመው ይታያሉ። ከሥሩ በአማርኛና በዕብራይስጥ «ራስ ዳሽንን የወጡ የማኅበራችን አባላት፣ 2018» የሚል ተጽፎበታል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በስግድ ዋዜማ አንድ አዲስ የመጡ አባት ፎቶግራፉን ትኩር ብለው አዩና፣ «ለመሆኑ የመራችሁ ሰው የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መሪው በፎቶግራፉ ላይ የለም፤ ያነሣን እሱ ነበር። ይህን ስንነግራቸው፣ «በሉ እንግዲያው፣ ወጣን አትበሉ፤ አወጡን በሉ» አሉና ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ሁላችንም ሳቅን። ይሁን እንጂ የእሳቸው ቃል ለብዙ ጊዜ ሳንነጋገርበት የቆየነውን ሌላ ጉዳይ ቀሰቀሰብን። ወደዚያ ተራራ የሄድነው አሥር ሆነን ነበርና። በፎቶግራፉ ላይ ያለነው ግን ስምንት ብቻ ነን።

ነገሩን ከመጀመሪያው እንንገራችሁ። ራስ ዳሽን፣ የአገሩ ሰው እንደሚለው ራስ ደጀን፣ በኢትዮጵያ ካሉት ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው ነው። የድሮ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይሉታል፤ በኋላ የተደረጉ ልኬቶች ግን ወደ 4,550 ሜትር ግድም አውርደውታል። የእኛ አሽዶድ ደግሞ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከፍ ያለችው ቦታዋ ጊቭዓት ዮና፣ ነቢዩ ዮናስ ተቀበረባት የምትባለዋ ኮረብታ፣ ከባሕሩ በላይ 50 ሜትር ያህል ብትሆን ነው። በራስ ዳሽን ጫፍ ላይ አንድ ሰው አየር በሳበ ቁጥር የሚያገኘው ኦክስጅን እዚህ ባሕር ዳር ከሚያገኘው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በቆላ የኖረ ሰው፣ ትውልዱ ደጋ ቢሆንም፣ ቀስ እያለ ካልወጣ ተራራው ያሳምመዋል።

ጉዞው የሚጀመረው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ከምትርቀው ከደባርቅ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 የተቋቋመ ሲሆን በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግበን መሪ፣ ጠመንጃ የያዘ ጠባቂ፣ ወጥ ሠሪና በቅሎ ነጂዎች ይዘን ተነሣን። የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንቃ በር፣ ሁለተኛውን ግጭ፣ ሦስተኛውን ጨነቅ አደርን። ጭላዳው በመንጋ ሆኖ ሣሩን ሲነቅል፣ ዋሊያው በገደሉ አፋፍ ቆሞ ሲያየን፣ ጅብራው እንደ ሰው ተሰልፎ ሲታይ፣ ወጣቶቻችን ወላጆቻቸው ለዓመታት የነገሯቸው ሁሉ እውነት መሆኑን አመኑ። ከጨነቅ በኋላ 4,200 ሜትር የሚደርሰውን የቧሂት በር ማለፍ፣ ከዚያም የወጡትን ሁሉ መልሶ ከ3,000 ሜትር በታች ወዳለው ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድ፣ እንደገናም ወደ አምቢቋ መውጣት ግድ ነው። ወደ ጫፉ የሚወጣው በአምስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ነው። (ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ስላለ ይህን የምንጽፈው ሂዱ ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልን።)

መሪው ወጣት ነበር። ከመካከላችን እርምጃው የሚዘገየውን ሰው ለይቶ ከራሱ ቀጥሎ አሰለፈው። እኛ ቸኩለን ልናልፍ ስንል፣ «ከእሱ የሚቀድም የለም» ይለናል። ጠባቂው ደግሞ ከሁላችን ኋላ ይሄዳል፤ አንድ ሰው ጫማውን ሊያስር ቢጎነበስ አብሮ ይቆማል።

ከአሥራችን አንዱ ወገራ ተወልደው ያደጉ፣ ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አባት ነበሩ። ጉዞውን ያሰናዳችው ልጃቸው ናት። ከሠራዊት ከተሰናበተች በኋላ ሁለት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለራሷና ለአባቷ ከፈለች። ምኞቷ ከአባቷ ጋር ሆና የአባቷን አገር ጫፍ መርገጥ ነበር።

ግጭ ላይ አባት እራት አልበላም አሉ። መሪው አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ፣ «አባባ፣ ራስዎን ያምዎታል እንዴ?» አላቸው። «የለም ልጄ፣ ደኅና ነኝ። እኔ እኮ የደጋ ሰው ነኝ» አሉት። ጨነቅ ስንደርስም ጠየቃቸው፤ ያንኑ መለሱለት። ሌሊቱን ግን ሲያስታውካቸው አደረ። ሲነጋ ከድንኳኑ ወጥተው ሊራመዱ ቢሉ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገዱ። መሪው ይህን እንዳየ፣ «አባባ አሁኑኑ ይወርዳሉ» አለ። አንዳንዶቻችን፣ አንድ ቀን ዐርፈው ቢያዩትስ ብለን ተከራከርነው። እሱም፣ «የተዋዋልነው ደርሶ መልስ ነው። መድረሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር» አለን።

ጨነቅ ድረስ መኪና ይገባል። አባትና ልጅ በአንድ የጭነት መኪና ወደ ደባርቅ ወረዱ፤ እሳቸውም ዝቅ ባሉ መጠን እየተሻላቸው ሄዶ ማታውን ሾርባ ጠጡ። እኛ ስምንታችን ጉዞውን ቀጠልን፤ ከጫፉም ደረስን። ፎቶግራፉም ያን ጊዜ የተነሣነው ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ።

አንደኛው የእኒያ አባት ጥያቄ ነው። በሰው ተመርቶ የወጣ ሰው፣ ወጣሁ ሊል ይገባዋልን? በ1841 ፌሬና ጋሊኒዬ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ራስ ዳሽንን የወጡ የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ተብለው በመጽሐፍ ተመዘገቡ። ከእነሱ በፊት ስንት እረኛ በጎቹን ተከትሎ እዚያ እንደደረሰ ግን የጻፈ የለም። በ1953 ኤቨረስትን መጀመሪያ የወጡት ሂላሪና ቴንዚንግ ሲመለሱ፣ «ከሁለታችሁ ማን ቀደመ?» የሚለው ጥያቄ መቆሚያና መቀመጫ አሳጣቸው። አብረን ነው የወጣነው ሲሉ ቆይተው፣ ቴንዚንግ በ1955 በታተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ሂላሪ በእርምጃ እንደቀደመው ገለጠ። በአንድ ገመድ ለታሰሩ ሁለት ሰዎች እንዲህ ያለ ጥያቄ ምን ይፈይድላቸዋል?

እኛ እንደሚመስለን፣ የሚመራ ሰው እግሩ የራሱ ነው፤ ማንም አይራመድለትም። መንገዱ ግን የሌላ ሰው ዕውቀት ነው። ስለዚህ «ወጣን» ማለታችን ውሸት አይደለም፤ የመራንን ሰው ሳንጠራ መቅረታችን ግን ስሕተት ነው። መመራት በራሱ ነውር አይደለም። በአምቦበር ለስግድ ወደ ተራራው ስንወጣ ቄሶቻችን ኦሪት ይዘው ይቀድሙ ነበር፤ ሕዝቡም ድንጋይ ተሸክሞ ይከተል ነበር። በመከተሉ ያፈረ ሰው አናስታውስም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። አንድ ጓደኛ ሲታመም የቀሩት መቀጠላቸው ትክክል ነውን? በ2006 ዴቪድ ሻርፕ የተባለ እንግሊዛዊ በኤቨረስት ላይ በብርድና በድካም ሲሞት ወደ አርባ የሚጠጉ ተጓዦች በአጠገቡ እንዳለፉ ተዘግቦ ዓለምን አነጋገረ። በ2012 ደግሞ ናዳቭ ቤን ይሁዳ የተባለ የ24 ዓመት እስራኤላዊ ከዚያው ተራራ ጫፍ ለመድረስ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው፣ አይዲን ኢርማክ የተባለውን ቱርካዊ ወድቆ አገኘው። ጫፉን ትቶ ሰውየውን ለሰዓታት እየተሸከመ አወረደው፤ የራሱም እጅ በውርጭ ተጎዳ። ሁለቱም ሰዎች ከሞት ተረፉ።

ከመካከላችን የሱዳንን መንገድ በእግራቸው የተጓዙ አሉ። እነሱ ይህን ጥያቄ ከማንም ይልቅ ያውቁታል። በዚያ መንገድ አንድ ቀን መቆየት የሁሉን ሕይወት ሊያስከፍል ይችል ነበርና፣ የሞቱባቸውን ቀብረው፣ እንባቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄደዋል። ለቀሩት በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በእነዚያ ተጓዦች የሚፈርድ ማንም የለም። እኛ ግን ከኋላችን የሚያሳድደን ሽፍታ አልነበረም፤ ከፊታችንም የሚጠብቀን ፎቶግራፍ ብቻ ነበር።

እርግጥ ነው፣ አባትን ብቻቸውን አልተውናቸውም፤ ልጃቸው አብራቸው ወረደች። የሚከነክነን ግን ይኸው ነው። ጉዞውን ያሰበችውም ያሰናዳችውም እሷ ናት። ከስምንታችን አንድ ሰው እንኳ፣ «አንቺ ውጪ፣ አባትሽን እኔ ይዤ ልውረድ» አላላትም። ልጅ ናትና ግዴታው የእሷ ነው ብለን በልባችን አለፍነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስንጠይቃት፣ «ዛሬም ይቆጨኛል። ደግሞ ቢሆን ግን ያንኑ አደርጋለሁ» አለችን። መልሷ የእኛን ጥፋት አያነሣልንም። እንዲህ ያለ ነገር በከተማችንም በየቀኑ ይደረጋል። የሽማግሌና የበሽተኛ ነገር ሲመጣ ሸክሙን ሁሉ ለአንድ ልጅ፣ ብዙውን ጊዜም ለሴት ልጅ፣ ትተን የቀረነው ወደየጉዳያችን እንሄዳለን።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለሚመራው ሰው ግዴታ ነው። አባት ሕመማቸውን ለምን ደበቁ? በኋላ እንደነገሩን፣ «ለልጄ ሸክም እንዳልሆን ብዬ ነው» አሉ። አሳባቸው የፍቅር ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ሌሊት ተናግረው ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን ዐርፈን ምናልባት አሥራችንም በወጣን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት በተራራ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። መሪ ዐዋቂ ቢሆንም የሚያውቀው መንገዱን ነው፤ የእኛን ራስ ምታት የምናውቀው እኛ ነን።

አዲስ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ይህን ሁሉ የጻፍነው ለዚህ ነው። እዚህ አገር ለአገሩ ባዳ፣ ለቋንቋው እንግዳ ሆነን ስንመጣ ልጆቻችን መሪ ይሆኑናል። በኩፓት ኾሊም ሐኪሙ ሲናገር የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያስተረጉማል። አባት «እሺ፣ ገባኝ» ይላሉ፤ አልገባቸውም። መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ ሳያውቁ ቤታቸው ይገባሉ። በቢቱዋሕ ሌኡሚ እናት ያላነበቡትን ወረቀት ይፈርማሉ፤ ልጃቸው ፊት ላለማፈር፣ ወረፋ ላለማስረዘም ይላሉ። ይህ ጨነቅ ላይ «ደኅና ነኝ» እንደማለት ነው። «አልገባኝም፣ ድገሙልኝ» ማለት የሚመራ ሰው የመጀመሪያ ግዴታው ነው። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚዎች የቋንቋ እርዳታ እንዲያዘጋጁ ጠይቋል፤ ስለዚህ አስተርጓሚ ስጡኝ ማለት ልመና አይደለም። የእናቱን ክፉ በሽታ ስም ለእናቱ እንዲነግር የሚገደድ ልጅም ከዐቅሙ በላይ ተጭኗል።

እናንተም ወጣቶች ሆይ፣ የዚያን መሪ ሕግ አስቡ። በቋንቋ የዘገየውን ሰው ከራሳችሁ ቀጥሎ አሰልፉት እንጂ ጥላችሁት አትሂዱ። አባታችሁ «ምን አለ?» ሲሏችሁ «ምንም አይደል» አትበሉ። ከትምህርት ቤት የተላከውን ደብዳቤ ግማሹን ብቻ አታንብቡላቸው። ወላጆቻችሁ ዕብራይስጥ ስላልተናገሩ ዕውቀት የሌላቸው አይምሰላችሁ፤ ወደዚህ አገር የሚያመጣውን መንገድ የመሩት እነሱ ናቸው።

በዚህ ወር ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ አጠገብ ሌላ ፎቶግራፍ ሰቅለናል። ልጅቱ የሰጠችን ነው። ከተራራው በተመለስን ማታ ደባርቅ ላይ የተነሣ ሲሆን ብዙም አልጠራም፤ ነገር ግን አሥራችንም፣ መሪው፣ ጠባቂውና ወጥ ሠሪው አብረን አለንበት። አባት መካከል ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከሥሩ ምን ተብሎ ይጻፍ በሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። አሳብ ያላችሁ ወደ አዳራሹ ብቅ እያላችሁ ብትነግሩን ደስ ይለናል፤ ቡናው አይጠፋም።

ቸር ያሰንብተን።