መልሕቅና ባልንጀራ

በገላጣ መስክ ሁለት ጎረቤታሞች በቅሎዎቻቸውን በየካስማቸው ሲያስሩ፣ አንደኛው ገመዱን ከልክ በላይ ያስረዘመ እንደ ሆነ፣ እንስሳቱ ሣር ፍለጋ ሲዞሩ ያለ አንዳች ክፋት ይጠላለፋሉ፤ በተጨናነቀ ወደብ የሚሆነውም ይኸው ነው። መርከብን የሚይዘው፣ ብዙ ሰው እንደሚመስለው፣ የመልሕቁ ክብደት ብቻ ሳይሆን በባሕሩ ወለል ላይ የሚጋደመው ሰንሰለት ጭምር ነውና፣ ካፒቴኑ የውኃውን ጥልቀት ከ3 እስከ 7 እጥፍ የሚያህል ይለቃል፤ ነፋሱ አቅጣጫ ሲለውጥም መርከቢቱ በዚያው ርዝመት ልክ ክብ እየሠራች ትዞራለች። ቢያሳጥረው መልሕቁ ይነቀላል፤ ቢያስረዝመው ከባልንጀራው ይጋጫል። የጎርጎራ ታንኳ ቀዛፊ ይህን ጭንቀት አያውቀውም፤ ደንገሉ ውኃ የጠጣበትን ታንኳ ወደ የብስ ስቦ ለፀሐይ ያሰጣዋል እንጂ መልሕቅ ምን ያደርግለታል?

ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ተስፋ የነፍስ መልሕቅ ተብላ ስለ ተጠራች፣ ሰባክያን ምሳሌውን አዘውትረው ያነሡታል፤ ነገር ግን መልሕቅ ስለሚያጸናው እንጂ ስለሚጎዳው ሲናገሩ አልሰማሁም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮም ሲወሰድ፣ መርከበኞቹ በስተኋላ 4 መልሕቆች ጥለው ንጋትን ሲጠባበቁ፣ በስተፊትም መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በጀልባ ሊሸሹ እንደ ነበር በግብረ ሐዋርያት ተጽፏል። በዚህ ሽሽት ክፉ ፈቃድ አለበትና ፍርዱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ፈቃድ የሌለበት ጉዳት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት 10 ቀን ሩቢማር የተባለች ማዳበሪያ የጫነች መርከብ በባብ ኤል ማንደብ አጠገብ በሁቲዎች ሚሳይል ተመታች፤ ባሕርተኞቿ ነፍሳቸውን ለማዳን ጥለዋት ወጡ፤ እርስዋም ሰው አልባ ሆና ስትንሳፈፍ ሰንብታ፣ እኛ የዓድዋን ድል በምናከብርበት በየካቲት 23 ሰጠመች። በእነዚያው ቀናት እስያንና አውሮፓን የሚያገናኙ 3 የባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ገመዶች ተበጠሱ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናትም የበጠሳቸው እየተጎተተ የሄደው የዚያች መርከብ መልሕቅ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ። እንግዲህ በደለኛው ማን ይባል?

ቤተ ክርስቲያናችን በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር (በማሰብ፣ በመናገርና በማድረግ) ለተሠራው ኃጢአት ሥርየት ስትለምን፣ ባለማወቅ የተሠራውንም አትተወውም፤ ጉዳቱ ፈቃድ ስለሌለበት ብቻ ከንቱ አይሆንምና። ኦሪት ዘፀአት ግን በምዕራፍ 21 ስለ ወጊ በሬ ሲፈርድ ረቂቅ ልዩነት ያደርጋል፤ በሬው ድንገት ወግቶ ሰው ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ የበሬውን ተዋጊነት አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ግን በደለኛ ነው።

በዚህ ሚዛን የሩቢማር ባሕርተኞች ንጹሓን ናቸው። ወደቡ ሞልቶ ሳለ፣ ጸጥ ባለ ምሽት ዘግይቶ መጥቶ በሌላው መዞሪያ ውስጥ መልሕቁን የጣለ ካፒቴን ግን፣ ሌሊት ነፋስ ተነሥቶ የጎረቤቱን መርከብ ቢሰብር፣ በነፋሱ ሊያመካኝ አይችልም፤ በባሕር ልማድም ቢሆን ነቅሎ የሚሄደው ኋላ የመጣው ነው። የነፍስን መልሕቅ የሚጥልም እንዲሁ ነው፤ ልጆቹን ሳያሳድግ፣ ዕዳውን ሳይከፍል፣ ለነፍሴ ብሎ የመነነ አባት ከዚህ ፍርድ አያመልጥም።